ቀን የሚረሳው መዝጋቢ

ይስሐቅ ከጠረጴዛው ሥር ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ከሩቅ ላየው ሥራ ደክሞት ትንሽ ያረፈ ይመስላል። በግራ እጁ አንጓ ላይ ግን ጫፉ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ከራሱ በላይ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራሉ። በመካከለኛው ስክሪን ላይ አጭር ጽሑፍ ተከፍቷል።

«የተማሪዎቹን ውጤት የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በሰው ፊት መቆም አልችልም። እህቴ ይቅር በይኝ። ይስሐቅ።»

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከጽሑፉ ይልቅ ወለሉን ማየት ጀመረች። ወደ ምርመራ ክፍል ከመዛወሯ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በፖሊስ መዝገብ ቤት ሠርታለች። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ያሉ ባልደረቦቿ «እሷ ሰው ስትጠይቅም ገጽ እንደምትገልጥ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል።

በ2008 ዓ.ም. የኅዳር ወር እሑድ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በግቢው ውስጥ የተሰጣው ቀይ ቡና እርጥብ ሽታ እስከ ክፍሉ ድረስ ይገባል።

ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ ግድግዳ ላይ የተመታች ጣውላ አለች፤ አምስት ሶኬቶች ተደርድረውባታል። አራቱ ደኅና ናቸው። አምስተኛው ተፈቶ ሽቦው ወጥቷል። ካቻቢቴው ከይስሐቅ ቀኝ ጭን አጠገብ ወድቋል። የሶኬቱ ብሎኖች በለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ተሰብስበው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

ወሰንየለሽ ተንበረከከች። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፋቸው ጠቁሯል። ገመድ የተጠመጠመበት የግራ አንጓው ግን ንጹሕ ነው።

ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ከበሩ ትይዩ፣ የግቢው ግንብ ላይ ቆጣሪው ይታያል። ከሥሩ የዚህ ክፍል ብሬከር አለ፤ ብሬከሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሄዳ ጨርቁን በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ብሬከሩ በርቷል።

«አስከሬኑን ወደ ሆስፒታል ውሰዱ» አለቻቸው አብረዋት ለመጡት ሁለት ፖሊሶች። «ኮምፒውተሮቹን ግን ማንም እንዳያጠፋ። እንደበሩ ይደሩ።»

*

የሟች እህት ሆሳዕና የመዘምራን ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። የነርስነት ተማሪ ናት፤ ወንድሟ የኔትወርክ ሠራተኛ በነበረበት የግል የጤና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ትገኛለች። ከወንድሟ ጋር በዚሁ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከቤተ ክርስቲያን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስትመለስ ያገኘችው እሷ ናት።

«ወንድሜ ራሱን አልገደለም» አለች፣ ሳትጠየቅ።

«ምን አሳወቀሽ?»

«ትናንት አብረን እራት በላን። ‹ነገ ያንን ሶኬት እጠግነዋለሁ፤ ብልጭ ይላል› አለኝ። ደግሞ ‹ሰኞ የምነግርሽ ነገር አለ፤ ደስ አይልሽም፤ ግን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል› አለኝ። ሊሞት ያሰበ ሰው ለሰኞ ቀጠሮ ይሰጣል?»

«ምን ሊነግርሽ ነበር?»

«እንጃ። ለመንኩት፤ ዝም አለኝ።»

ከአጠገቧ የቆሙት ወንጌላዊ ባምላኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። «ኢንስፔክተር፣ መናገሩ ይከብደኛል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነበር። ነገ ስምንት ሰዓት ነው ቀብሩ። ነፍሱን በገዛ እጁ ያጠፋ ከሆነ ጉባኤው አይሸኘውም፤ መዝሙርም ስብከትም አይኖርም። እስከዚያ ካልተጣራ ቤተሰቡ ብቻውን ይቀብረዋል።»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ» አለች ሆሳዕና። «ብቻዬን ልቀብረው ነው ማለትዎ ነው። ሌባ ተብሎ፣ ራሱን አጠፋ ተብሎ።»



«ነገ ስምንት ሰዓት» አለች ወሰንየለሽ ሰዓቷን እያየች። «ጊዜ አለን። ይልቅ ንገሪኝ፤ እነዚህ ሦስት ኮምፒውተሮች ምን ይሠራሉ?»

ሆሳዕና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መማሪያው ናቸው። የኔትወርክ ጥበቃ ሥራ መልመድ ፈልጎ አሮጌ ዕቃ እየለቀመ ሠራው። አንዱ ኮምፒውተር ሌባ ነው ይባላል፣ ሁለተኛው ቤት፣ ሦስተኛው ዘበኛ። ሌባው ቤቱን ሲነካካ ዘበኛው ሁሉንም ይጽፋል፤ ማን ገባ፣ ስንት ሰዓት ገባ፣ መቼ ወጣ። ያ ጽሑፍ ሎግ ይባላል። እሱ ‹መዝጋቢው› ነበር የሚለው።»

«እንደ ዘብ መዝገብ።»

«አዎ። የሁላችንም ስልክ ሳይቀር ይጻፋል፤ ዋይፋዩን ሲያገኝ በራሱ ይገናኛል። ለሁሉም ስም አውጥቶለታል። የእኔ ‹ሶፕራኖ› ነው፤ በመዘምራን ቀጭኑን ድምፅ ስለምዘምር። የጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ደግሞ ‹ቆጣሪ›።» ለአፍታ ፈገግ ልትል ደርሳ ነበር፤ ፊቷ መልሶ ጠወለገ።

*

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ከጓሮ ቡናቸውን በረጅም እንጨት እያገላበጡ ነበር። አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ ቡና የተከሉ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳሉ።

«ከሟች ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል» አለች ወሰንየለሽ።

«ማነው ያለሽ? ይሁን፣ እውነት ነው። ያ ማሽን ሁሉ ብሬከሬን ይጥለው ነበር። አንድ ቀን ‹ገመዱን በመጥረቢያ ነው የምቆርጥልህ› ብዬዋለሁ። ግን ልጄ፣ ልጁን እወደው ነበር። ጠንቃቃ ነው። አንዲት ሽቦ ሊነካ ሲል መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍቶ ቀዩን ጨርቅ ይሰቅላል፤ ማንም እንዳያበራው። ‹ጋሼ፣ ጨርቁ እስካለ እንዳይነኩ› ይለኛል እንደ ሕፃን።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ጓሮ። ሦስት ሰዓት አለፍ እንዳለ መብራት ሄደ። ከዚያ ለአራት ትንሽ ሲቀረው መጣ።»

«መምጣቱን በምን አወቁ? እዚህ መብራት የለም።»

«በጩኸቱ ነዋ!» ሳቁ፤ ወዲያው ደንገጥ ብለው አፋቸውን ያዙ። «ሰፈሩ ሁሉ ‹መጣ!› ብሎ ይጮሃል። ልጅ አዋቂ የለም። ይስሐቅም ከክፍሉ ጮኸ። ማሽኖቹ ስለተነሡለት ደስ ብሎት ነው ብዬ ቡናዬን ማገላበጤን ቀጠልኩ።»

«ሰው ሲገባስ አይተዋል?»

«በሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሄጃ ነው የሚያየው፤ ከጓሮ አይታይም። ዱሮ ጓደኛው አልአዛር ይመላለስ ነበር። ይስሐቅ ባይኖርም ቁልፍ ነበረው። ከወር ወዲህ ግን አላየሁትም፤ ቁልፉን የተቀበለው መሰለኝ።»

«አስከሬኑን ስታገኙ ገመዱን የነቀለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ በዚሁ እንጨት መትቼ ከሶኬቱ አወጣሁት።»

«ለምን ብሬከሩን አላጠፉም?»

ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። «ጨርቁ ተሰቅሎ አየሁ። የጠፋ መስሎኝ…» ቀና ብለው ወደ ክፍሉ አዩ። «ኮምፒውተሮቹ ግን እየሠሩ ነበር። በስመ አብ! ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።»

*

የኮሌጁ ሬጅስትራር አቶ ይርዳው ቢሯቸው ውስጥ ነበሩ። እሑድም ቢሆን ከረቫታቸውን አስረዋል።

«ኀዘን ነው፤ ግን ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ። «ሐሙስ ዕለት ነው የደረስንበት። የአሥራ ሁለት ተማሪዎች ውጤት ተቀይሯል። የተከፈተው በእኔ ስምና በእኔ የይለፍ ቃል ነው፤ የተከፈተበት ቦታ ግን የይስሐቅ ቤት ነው። ኮምፒውተር አይዋሽም።»

«የይለፍ ቃልዎን ማን ያውቃል?»

አቶ ይርዳው ወደ ጠረጴዛቸው አጎነበሱ። ጠረጴዛው መስታወት ተነጥፎበታል። ከመስታወቱ ሥር የልጆቻቸው ፎቶ፣ የዘመድ አድራሻና አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለ።

«ይሄ ነው?»

«እረሳዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ቡና አምጪዋም ታውቀዋለች።» ወሰንየለሽ ማስታወሻ ያዘች። «ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ለዲኑ ነገ የማቀርበውን ዝርዝር እያዘጋጀሁ።»

«ዝርዝሩን ልየው።»

ወረቀቱን ሰጧት። አሥራ ሁለት ስም፣ አሮጌው ውጤት፣ አዲሱ ውጤት፣ የተቀየረበት ቀን። የመጀመሪያው ስም የሆሳዕና ነው። በአንድ የሆስፒታል ልምምድ ትምህርት ወድቃ ነበር፤ አልፋለች ተብሏል።

«አዩ?» አሉ አቶ ይርዳው። «ለእህቱ ብሎ ነው። ሌሎቹን ለምን እንደጨመረ አላውቅም።»

ወሰንየለሽ ስሞቹን ትታ ቀኖቹን እያየች ነበር። «ይስሐቅ ማክሰኞ ማክሰኞ የት ይውላል?»

«ቴፒ ቅርንጫፍ። ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ ይመለሳል።»

«እነዚህ ሁሉ ማክሰኞ ናቸው፤ ሁሉም ከወር በፊት» አለች። «ዝርዝሩን ነገ ስድስት ሰዓት ይዘውልኝ ይምጡ። እስከዚያ ለማንም አያሳዩ፤ ለሆሳዕናም።»

*

አልአዛርን ያገኘችው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገመድ ሲጠቀልል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ከይስሐቅ ጋር ይሠራል፤ ለጥር ደግሞ ከሆሳዕና ጋር ሊጋባ ሽማግሌ ልኮ ተፈቅዶለታል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ስለ ኔትወርክ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ለምን ይመስልሃል ራሱን ያጠፋው?»

«ኀፍረት። አይወቀስም፤ ለእህቱ ብሎ ነው።»

«ዛሬ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ሳውንድ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት እዚያች ሳጥን ውስጥ ነበርኩ።» በአዳራሹ ኋላ ያለችውን በኮምፖንሳቶ የታጠረች ትንሽ ክፍል አሳያት። የድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር እዚያ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ማን እንዳለባት አያስታውቅም።

«መብራት ሲሄድስ?»

«ምን እሠራለሁ? ተቀምጬ ጠበቅሁ። ወንጌላዊው ያለማይክ ሰበኩ።»

«ሲመጣስ?»

«እንደወትሮው። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ቆይቼ፣ ሲመጣ ቀስ እያልኩ ከፈትኩት። ሰው መምጣቱንም ልብ አላለው።»

«ጎበዝ ነህ» አለችው ወሰንየለሽ፤ አመስግናው ወጣች።

ወንጌላዊ ባምላኩን ደጅ አገኘቻቸው። «ዛሬ መብራቱ ሲመጣ ስብከት ላይ ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ! ሊያደነቁረን ነበር» አሉ። «ከእግሬ ሥር ያለው ስፒከር እንደ ሳይረን ጮኸብኝ። ሕፃናት አለቀሱ። ገመዱን በእጄ ነቅዬ በሌላኛው ጨረስን። ሰዓቴን አየሁ፤ ስብከቱን ልጨርስ ነበርና። ለአራት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። ልጁን ልቆጣው ብዬ ነበር፤ በኋላ ይህ መርዶ መጣና ሁሉም ነገር ተረሳ።»

*

ሰኞ ረፋዱ ላይ ወሰንየለሽና ሆሳዕና ከመካከለኛው ኮምፒውተር፣ ከመዝጋቢው ፊት፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደግነቱ ከትናንት ወዲህ መብራት አልሄደም።

«የትናንቱን ክፈችልኝ።»

ሆሳዕና ፈለገች። «የለም። ቅዳሜ አለ፤ እሑድ ባዶ ነው። ሰው አጥፍቶታል።»

«ይስሐቅ ራሱ ያጠፋው ይሆን?»

«እሱ? አንድ መስመር ሲጠፋበት ምሳ የማይበላ ሰው!»

«መልካም። መዝገብ የጎደለበት ገጽ ሲኖር እኔ ከመጀመሪያው ገጽ ነው የምጀምረው። ልማድ ሆኖብኝ ነው። መጀመሪያውን አሳዪኝ።»

«መጀመሪያው ቆሻሻ ነው» አለች ሆሳዕና። «ይህ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ቀን የምታስታውስለት ትንሽ ባትሪ አለችው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተች። እዚህ አልተገኘችም፤ ከጅማ ትመጣለች ተብሎ እየጠበቅን ነው። እስከዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ አንድ 2002፣ ዜሮ ሰዓት ብሎ ይነሣል። ይስሐቅ ሮጦ በእጁ ያስተካክለዋል። እስኪያስተካክለው የተጻፈው በዚያ በድሮው ቀን ሥር ይቀራል።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነኝ ይላል?»

ሆሳዕና ጥጉን አየች። ፊቷ ተለወጠ። «ጃንዋሪ ሁለት፤ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ። ማንም አላስተካከለውም!»

ወሰንየለሽ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአሥር ነው። በማስታወሻዋ ላይ ቀነሰች። «እንግዲህ ከተነሣ ሃያ አምስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃው ነው። የተነሣው ትናንት ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው፤ ወንጌላዊው ስፒከሩ ጮኸብኝ ባሉበት ደቂቃ። የጠፋው የእሑድ ገጽ ነው። ሌባው ግን እሑድ ላይ አልተጻፈም። ገልጪ፤ ሌሎቹን አጫጭሮች ተያቸው። ይስሐቅ በአምስት ደቂቃ ያስተካከላቸው ናቸው። ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የሚቀጥለውን ፈልጊ።»

ሆሳዕና ገለጠች። በጣቷ መስመሮቹን እየተከተለች ወረደች። አንድ ቃል ላይ ጣቷ ቆመ። ከዚያ ሌላኛው እጇ ወደ አፏ ሄደ።

ወሰንየለሽ ቃሉን አነበበችው። የወጣቷን ትከሻ ያዘች። «አንድ ሰዓት ብቻ ታገሺኝ፣ ልጄ» አለቻት። «ለማንም አትናገሪ። አሁን ደግሞ የኑዛዜው ጽሑፍ መቼ እንደተቀመጠ እዪልኝ።»

*

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም በግቢው ተሰበሰቡ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ለእንግዶቹ አግዳሚ ወንበር አወጡ። አቶ ይርዳው ወረቀታቸውን በደረታቸው ይዘዋል። ወንጌላዊ ባምላኩ ቆመዋል። አልአዛር ከሆሳዕና አጠገብ ሊቀመጥ መጣ፤ እሷ ግን ተነሥታ ከጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ጎን ሄደች። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ።

«ሁላችሁም ይስሐቅ ራሱን አጠፋ ብላችኋል» ብላ ጀመረች ወሰንየለሽ። «እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት አራት ብሎኖች ነው። ልሙት ያለ ሰው ብሎን በክዳን አይሰበስብም። መልሶ ሊገጥመው ያሰበ ነው የሚሰበስበው። ይስሐቅ ሶኬት እየጠገነ ነበር።»

«ገመዱስ? እጁ ላይ የተጠመጠመው?» አሉ አቶ ይርዳው።

«የተቃጠለው ቀኝ እጁ ነው። ገመዱ ግን በግራው ላይ ነበር፤ እዚያ አንዲት የቃጠሎ ምልክት የለም። ከሞተ በኋላ ሰው ነው ያሰረለት።»

ሆሳዕና ዓይኗን ጨፈነች።

«ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ፣ ጨርቁ ሲሰቀል ብሬከሩ ምን ይሆናል?»

«ይጠፋል። ሁልጊዜ።»

«ትናንት ጨርቁ ተሰቅሎ ነበር፤ ብሬከሩ ግን በርቶ ነበር። ይስሐቅ ራሱ ሰቅሎት ቢሆን ያጠፋው ነበር። ስለዚህ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። ይስሐቅ ክፍሉ ውስጥ ሥራ ይዞ ‹እስቲ አጥፋልኝ› ያለው፣ እሱም ሄዶ ጨርቁን ብቻ ሰቅሎ ‹አጠፋሁ› ያለው ሰው። ይስሐቅ በበሩ ቀና ብሎ አየ፤ ቀዩን ጨርቅ አየ፤ አመነ። ያን ጊዜ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የሚለይበት ምንም ነገር አልነበረውም።»



«ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ መብራቱ መጣ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ጩኸት ሰሙ። ሰፈሩ ሁሉ ‹መጣ!› እያለ ስለሚጮኽ፣ ያኛውም የደስታ መሰላቸው። ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያው ይመስለው ነበር።»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ… ቡና አገላብጥ ነበር» አሉ። ሆሳዕና ክንዳቸውን ያዘች።

«ይስሐቅ በዚያች ደቂቃ ሞተ። አሁን ደግሞ የኑዛዜውን ጽሑፍ እንይ። የተቀመጠው መዝጋቢው ከተነሣ ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ነው። አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ማለት ነው። ሬሳ አይጽፍም።»

«ታዲያ ማን ጻፈው?» አሉ ወንጌላዊው።

«የጻፈው ሰው ሎጉ ስልኩን እንደሚመዘግብ ያውቅ ነበር፤ የእሑድን ገጽ በሙሉ አጠፋ። ያላወቀው አንድ ነገር ነው፤ መዝጋቢው ቀን መርሳት ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ይህንን ሰው ግን ይስሐቅ ከወር በፊት ቁልፉን ተቀብሎታል። ስለዚህ ስሙ ያለው እሑድ ላይ ሳይሆን ከአሥር ዓመት በላይ ወደኋላ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። አንድ ስልክ መብራቱ ከመጣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በራሱ ተገናኝቷል፤ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ቆይቶ ወጥቷል። ይስሐቅ ለዚያ ስልክ ያወጣለትን ስም፣ ሆሳዕና፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

ሆሳዕና አልአዛርን አየችው። «‹ሙሽራው›» አለች።

አልአዛር ብድግ አለ። «ስልክ ስህተት ይሠራል! እኔ ሳውንድ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ያውቃል!»

«ድምፁን ዝቅ አድርገህ ቀስ እያልክ ከፈትኩት ብለኸኛል» አለችው ወሰንየለሽ። «ወንጌላዊ፣ መብራቱ ሲመጣ ምን ሆነ?»

«ስፒከሩ ጮኸ። በእጄ ነቀልኩት።»

አልአዛር ወደ ወንጌላዊው ዞረ። 

«ያን የማታውቀው ስላልነበርክ ነው። ያን ጊዜ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይስሐቅ ቴፒ ሲሆን፣ ቁልፍ የነበረህ አንተ ነህ። የአቶ ይርዳውን መስታወት በየቀኑ የምታየውም አንተ ነህ። ይስሐቅ ደረሰብህ፤ ለሰኞ ጊዜ ሰጠህ፤ ራስህ ሄደህ እንድትናገር። ዝም ብለህ ብትወጣ ኖሮ እኮ ሁላችንም አደጋ ነው ብለን እንቀብረው ነበር። አንተ ግን ነፍሱ አልበቃህም፤ ስሙንም ልትወስድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥክ።»

አልአዛር ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለ ወደ መሬት እያየ። «እምቢ አለኝ። ‹እህቴም ብትሆን ይነገራል› አለኝ። ከዚያ ወዲያው እንደ ድሮው ‹እስቲ ብሬከሩን አጥፋልኝ› አለኝ። ተቆጥቶኝ እንኳ አመነኝ። እጄን ብሬከሩ ላይ አደረግሁ… ተውኩት። መብራቱ ሳይመጣ ሥራውን ከጨረሰ ይተርፋል አልኩ። ለእግዚአብሔር ተውኩት።»

«እግዚአብሔርን አትጥራው» አሉ ወንጌላዊ ባምላኩ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «ብሬከሩ ያለው አንተ እጅ ላይ ነበር።»

«እህቴም ብትሆን ያለው ምን ማለቱ ነው?» አለች ሆሳዕና።

አቶ ይርዳው ወረቀቱን አጣጠፉ፤ ወሰንየለሽ ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸውና ለሆሳዕና ሰጠቻት። ሆሳዕና የመጀመሪያውን ስም አነበበች። 

«ወድቄ ነበር?»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ አልአዛር። «ከምታለቅሺ ብዬ። የአንቺ ብቻ ከሆነ ይታወቃል ብዬ አሥራ አንዱን ጨመርኩ። ሆሲ፣ ለአንቺ እኮ ነው!»

«ብወድቅ እደግመው ነበር» አለች። አልጮኸችም። «አንድ ዓመት ነው። ወንድሜን ግን የምደግምበት ዓመት አለ? ማልቀሴን ፈርተህ ነው ይህን ያደረግኸው? አየኸኝ፤ ከትናንት ጀምሮ እያለቀስኩ ነው። ትናንት እቅፍ አድርገህ ‹አይዞሽ› ስትለኝ በዚያው እጅ ነበር።»

አልአዛር እጁን ከጭኑ ላይ አነሣው፤ የት እንደሚያደርገው አጣ። ፖሊሶቹ መጥተው ይዘውት ሲወጡ ወደኋላ ዞሮ ነበር። ያየው ሰው አልነበረም።

ወንጌላዊ ባምላኩ ወደ ሆሳዕና ቀረቡ። «ልጄ፣ እኔም በድዬሻለሁ። ሳላጣራ ነው ከሽማግሌዎቹ ጋር የተስማማሁት። አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ጉባኤው ሙሉ ይወጣል።»

«ይምጡ» አለች። ይቅር አላለቻቸውም፤ ለዚያ ገና አልደረሰችም። ወደ ሬጅስትራሩ ዞረች። «አቶ ይርዳው፣ የእኔን ውጤት መልሱት።»

«ይደርሳል፣ እህቴ። ቀብሩ ይለፍ። ደግሞ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ዲኑን አነጋግሬ አንድ መላ…»

«መላ አልፈልግም። አሁን። ወንድሜ ዛሬ ሰኞ ሊነግረኝ የነበረው ይህንን ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሰው ውጤት ይዤ አልቆምም።»

አቶ ይርዳው ወሰንየለሽን አዩ። እሷ ማስታወሻዋን እየዘጋች ነበር፤ አላዳነቻቸውም። እስክሪብቷቸውን አወጡ፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዲሱን ውጤት ሰረዙ፤ በጎኑ የቀድሞውን ጽፈው ፈረሙበት። ሆሳዕና ፊርማው እስኪደርቅ ጠበቀች።

ስምንት ሰዓት ላይ የሰፈሩ መንገድ በሰው ተሞላ። የኮሌጁ ተማሪዎች ከነነጭ ጋዋናቸው መጡ፤ ከቴፒም ሁለት ሚኒባስ ደረሰ። ሬሳውን የሚሸከሙት ስድስት ጎልማሶች ቀድመው ተመርጠው ነበር፤ ሲነሡ ግን አምስት ሆኑ፤ ስድስተኛው በፖሊስ ጣቢያ ነው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው በክፍተቱ ገቡ፤ ትከሻቸውን ከሣጥኑ ሥር አደረጉ።

«አይከብድዎትም፣ ጋሼ?» አለቻቸው ሆሳዕና።

«ይክበደኝ» አሉ ሽማግሌው።

መዘምራኑ ጀመሩ። ሆሳዕና ከሣጥኑ ኋላ፣ ከሶፕራኖዎቹ መካከል ቦታዋን ይዛ፣ ሦስተኛው ቃል ላይ ድምፅዋን አስገባች።